ከእማዬ ጋር ወደ ባምብራ፦ የአራት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፣ ዓርብ

"ይሄ እንግሊዝ የሚባለው አገር ደሴት ነው አላልከኝም?" አለችኝ እማዬ አንድ ቀን። "ታዲያ ባሕሩ የታለ?"

ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። እስካሁን ያየችው የእኔን አፓርታማ፣ የሠፈሩን ሱፐርማርኬትና የእሁድ ቤተ ክርስቲያናችንን ብቻ። አፈርኩ። ከሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከቅዳሜና እሁድ ጋር አገናኘሁትና አራት ቀን ሆነ።

ለባሕር ብቻ ከሆነ ብራይተን ለለንደን ቅርብ ነው። ግን በሐምሌ ብራይተን መሄድ መርካቶ ዋዜማ ገበያ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን፣ ስኮትላንድ ልትገባ ጥቂት ሲቀርህ ወደምታገኛት ባምብራ ወደምትባል መንደር 540 ኪሎ ሜትር ያህል ልነዳ ወሰንኩ። አጻጻፏ "ባምበርግ" ያሰኛል። ማረፊያ ስይዝም እንደዚያው ብዬ የቤቱን ባለቤት አስቄአታለሁ።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ቴርሞስ ሙሉ ቡና፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ የእማዬ መቁጠሪያ፣ የእማዬ ጋቢ። "ሐምሌ ነው እኮ፣ ጋቢ ምን ያደርጋል?" ብያት ነበር። ወደ ኋላ ላይ ለሁለት ለብሰነዋል።

ኒውካስል ከመድረሳችን በፊት ጌትስሄድ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ያ ትልቁ የብረት መልአክ ቆሟል። ቁመቱ 20 ሜትር፣ የክንፎቹ ስፋት 54 ሜትር ነው፤ በ1998 የተተከለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እማዬ ትክ ብላ አየችው። "ክንፉ የአውሮፕላን ነው" አለች። "ደግሞ ዝጓል።" እንዲዝግ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። አልተዋጠላትም።

7 ሰዓት አካባቢ ሲሃውስስ ገባን። ከባምብራ 5 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት። መኪናውን ሳናቆም የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ተቀበለን። ችግሩ ዕለቱ ሐምሌ 4፣ የሐዋርያት ጾም የመጨረሻዋ ቀን ነበር። "ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ" አልኳት ቀስ ብዬ። "የሚሉት ይብሉ" አለች። ድንች ጥብሱን ብቻ ልግዛላት ብዬ በምን እንደሚጠብሱት ሻጩን ጠየቅኩት። በበሬ ሞራ! በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው የሚጠበሰው፤ በዚያም ይኮራሉ። እናቴ ሰሜን ባሕርን ፊት ለፊት እያየች ምሳዋን ዳቦ ቆሎ በላች። እኔ? እኔ መኪና ውስጥ ነው የበላሁት፣ በሩን ዘግቼ።

ከዚያ ወደ ባምብራ። መንገዱ ዞር ሲል ቤተ መንግሥቱ ድንገት ይመጣብሃል። ከባሕሩ ዳር ወደ 45 ሜትር ብቻውን የወጣ ጥቁር ዓለት አለ። የዚያ ዓለት ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግንብ ለብሷል። ዓለቱ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የጠነከረ ነው፤ ዊን ሲል ይሉታል። መንደሯ ከሥሩ ናት። ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት፣ የድንጋይ ቤቶች በትልልቅ ዛፎች ዙሪያ የተኮለኮሉባት፣ ከግንቡ ግርጌ የክሪኬት ሜዳ ያላት።

አሸዋው ሰፊ ነው፤ ሰውም የለበትም ማለት ይቻላል። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና ጮኸች። በረዶ ነው! ከዚያ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። "እውነትም ጨው ነው" አለች፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የተነገራትን ልታጣራ የመጣች ይመስል። ወደ ሰሜን ስንሄድ ለመርከቦች ከምታበራው ትንሿ መብራት ቤት አጠገብ ዓለት ላይ ነጭ አጋዘን ተሥሎ አገኘን። ማረፊያችን የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበር። "ይሄ አገር መቼ ነው የሚመሸው?" አለችኝ። ታኅሣሥ ላይ ጠይቂኝ አልኳት።

ቀን 2፣ ቅዳሜ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። የማረፊያው ባለቤት ለቁርስ ኪፐር አቀረበችልን። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በጀርባው ሰንጥቀው፣ ዘርግተው፣ በጨው ካሹት በኋላ በጭስ ያደርቁታል። እማዬ አንድ ጉርሻ ቀመሰችና "ቋንጣ ነዋ" አለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልሰጠችውም። ሴትዮዋ እናቴን "ፔት" እያለች ነው የምትጠራት። "ምን እያለችኝ ነው?" ስትለኝ "የኔ እመቤት እንደማለት ነው" አልኳት። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሁሉ ወዳጅ ሆነች።

ጠዋት ወደ ቅዱስ ኤይደን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እማዬ በሩን ተሳልማ ገባች። እኔ ደግሞ ታሪኩን ነገርኳት። በ635 ኦስዋልድ የሚባል የኖርዘምብሪያ ንጉሥ፣ መቀመጫው እዚሁ ዓለት ላይ የሆነ፣ ሕዝቡን የሚያስተምርለት መነኩሴ ስኮትላንድ ካለው ከአዮና ገዳም አስመጣ። ኤይደን ነው። መነኩሴው የአገሩን ቋንቋ በደንብ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሲሰብክ ንጉሡ ራሱ እየቆመ ያስተረጉምለት ነበር። እማዬ ይሄን ወደደችው። ይበልጥ የወደደችው ግን የፋሲካውን ነው። ንጉሡና ኤይደን ገበታ ላይ እንደተቀመጡ ደጅ ድሆች መጥተዋል ተባለ። ንጉሡ ምግቡ ይሰጣቸው፣ የብሩም ሳሕን ተሰባብሮ ይታደላቸው አለ። ኤይደን ቀኝ እጁን ያዘና "ይህች እጅ አትበስብስ" ብሎ መረቀው።

ኤይደን በ651 እዚሁ ባምብራ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሚደግፍ እንጨት ተደግፎ ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። እንጨቱ ግን አልተቃጠለም ይላል ቢድ የተባለው መነኩሴ በ731 በጨረሰው የታሪክ መጽሐፉ። ያ ነው የሚባለው እንጨት ዛሬ ከማጥመቂያው በላይ ጣሪያው ላይ አለ፤ ጥቁር፣ ባላ ያለው። ቢድ እንደሚለው ሰዎች ከእንጨቱ ስንጣሪ እየቆረጡ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ለሕሙማን ያጠጡ ነበር።

"ጠበል አደረጉት" አለች እማዬ ቀና ብላ እያየችው። ፈረንጆቹ አራት አምስት ቀኖች አንብበው የሚረዱትን ነገር በሁለት ቃል ዘጋችው።

ከሥር ምድር ቤት አለ። ከአሸዋው አጠገብ ከነበረ የአንግሎ ሳክሰን መቃብር የተገኙ የ110 ሰዎች አፅሞች በየግል ሣጥናቸው ተደርገው በ2016 እዚያ አርፈዋል። በብረት በሩ አሻግረህ ታያቸዋለህ። ከጥርሳቸው በተደረገ ምርመራ ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ ተወላጅ እንዳልነበሩ ታውቋል፤ ከስካንዲኔቪያ ድረስ የመጡ አሉ። እማዬ አማተበች። "ስደተኛ ድሮም ነበር" ብላ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ከሁሉም የሚታየው የግሬስ ዳርሊንግ መታሰቢያ ነው። ከድንጋይ የተቀረጸች ወጣት በጀርባዋ ተኝታለች፤ ከጎኗ መቅዘፊያ አለ። በባሕር የሚያልፉ መርከበኞች እንዲያዩት ተብሎ ነው እዚያ የተሠራው።

ግሬስ በ1815 እዚህ መንደር ተወለደች። አባቷ ፋርን ደሴቶች ላይ ያለው የሎንግስቶን መብራት ቤት ጠባቂ ነበር። መስከረም 7 ቀን 1838፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከሃል ወደ ዳንዲ የምትሄድ ፎርፋርሺር የተባለች መርከብ በማዕበል ዓለት ላይ ወጥታ ለሁለት ተሰበረች። ሊነጋጋ ሲል ግሬስ በመስኮቷ አየቻት። አባትና ልጅ በአንዲት የቀዘፋ ጀልባ ወጡ። ዓለቱ ላይ የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የሞቱ ሁለት ልጆቿን እንዳቀፈች ነበር። አባትየው ዓለቱ ላይ ዘሎ ሲወርድ ጀልባዋን ማዕበሉ እንዳይፈጨው ወዲህና ወዲያ እየቀዘፈች የያዘቻት ግሬስ ብቻዋን ናት። መጀመሪያ አምስቱን አወጡ፤ ከዚያ አባትየው ከተረፉት ወንዶች ጋር ተመልሶ የቀሩትን አራቱን አመጣ።

ጀልባዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው ሙዚየም ውስጥ አለች። ራሷ ናት። አጠገቧ ስትቆም ነው የሚገባህ። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ሳንቃው ስስ፣ ጎኗ ዝቅ ያለ። ጣና ላይ በፀጥታ ቀን እንኳ ዘጠኝ ሰው ጫንባት ብትለኝ አልጭንም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል። ጋዜጣው ጀግና አደረጋት። ሠዓሊዎች በየተራ መብራት ቤቱ ድረስ እየሄዱ ሣሏት፤ ሰው ከፀጉርሽ ቆርጠሽ ላኪልን እያለ ይጽፍላት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ 50 ፓውንድ ላከችላት። በ1842 በሳምባ ነቀርሳ ሞተች፣ በ26 ዓመቷ። "አንድ ቀን ቀዘፈች፣ አራት ዓመት አላስቀመጧትም" አለች እማዬ።

ከሰዓት በኋላ ከሲሃውስስ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ብቻዬን ሄድኩ። እማዬ ወደቡ ላይ ወንበር ይዛ "እኔ ከዚህ እጸልይልሃለሁ" አለች። ፓፊኖች አየሁ፤ መንቁራቸው ቀለም የተቀቡ የሚመስሉ፣ ሲበሩ ክንፋቸውን የሚያርገበግቡት የዘገየ ሰው ታክሲ እንደሚሮጥ ነው። ዓለት ላይ የተዘረሩ ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሶችም። ቀይና ነጩን የሎንግስቶን መብራት ቤት ከሩቅ እያየሁ ቀኑ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሆዴ ተገለባበጠ። ግሬስን በዚያን ጊዜ ነው በደንብ ያከበርኳት።

ቀን 3፣ እሁድ

ዛሬ ቤተ መንግሥቱ። መግቢያው ርካሽ አይደለም፤ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ዓለቱ ላይ ቢያንስ ከ547 ጀምሮ ነገሥታት ተቀምጠውበታል። ስሙም ቤባ ከምትባል ንግሥት የመጣ ነው። በ993 ቫይኪንግ የሚባሉት የስካንዲኔቪያ የባሕር ወራሪዎች አወደሙት፤ በኋላ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አሁን የሚታየውን ወፍራም ማማ ሠሩ። ውስጡ በዓለት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ግቢው ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት ፍራሽ አለ። ያች ኤይደን የመረቃት የኦስዋልድ እጅ በብር ሣጥን ተቀምጣ የነበረችው እዚህ ዓለት ላይ፣ በጴጥሮስ ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል ቢድ። በጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት እዚያ መቆማችንን እማዬ እንደ አጋጣሚ አልቆጠረችውም።

በ1464 ይሄ ግንብ በእንግሊዝ በመድፍ የተሸነፈ የመጀመሪያው ግንብ ሆነ። የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ መድፎች ስም ነበራቸው፤ "ለንደን"፣ "ኒውካስል"፣ "ዲዥን"። "መድፍ ስም ይወጣለታል እንዴ?" ስትል ሳቅኩ። "ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ረሳሽው? ሴባስቶፖል!"

ለቀልድ ነበር የተናገርኩት። ግን ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም።

ግንቡን እንደገና ያሠራው ዊልያም አርምስትሮንግ ነው። በ1810 ኒውካስል ተወለደ፤ ጠበቃ ነበር፣ በውሃ ግፊት የሚሠራ ክሬን ፈለሰፈና ፋብሪካ ከፈተ። ባምብራን በ1894 ገዝቶ ማደስ ጀመረ፤ ሳያልቅ በ1900 ሞተ። ቤተሰቡ ዛሬም የግንቡ ባለቤት ነው። ትልቁ አዳራሽ ጣሪያው ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ በመጣ ቲክ እንጨት የተሠራ ነው፤ አንገትህ እስኪያምህ ታየዋለህ። ሰውየው ግን ስሙ የገነነው በመድፍ ነው። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ከባድ መድፍ ለመጎተት ያዩትን አበሳ ሰማ። ቀለል ያለ፣ ከኋላው የሚጎርስ፣ ርቆ የሚመታ መድፍ ልሥራ አለ። ሠራም። በ1859 "ሰር" ተባለ።

የአርምስትሮንግን ስም ከሌላ ቦታ አውቀዋለሁ። በ1868፣ በእኛ 1860 መሆኑ ነው፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ ከሕንድ 44 ዝሆኖች በመርከብ መጥተው ነበር። በዝሆኖቹ ጀርባ ላይ የተጫኑት የአርምስትሮንግ መድፎች ናቸው። አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉበት ዕለት በመቅደላ በር ላይ የተኮሱትም እነሱ ናቸው።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ የነገርኳት ከባሕሩ በኩል ባለው ግንብ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ መድፎች አንዱን ተደግፈን ነው። ነፋሱ ጋቢውን ሊነጥቀን ይታገላል። ሴባስቶፖልም እኮ ስሙ የመጣው ከዚያው ከክራይሚያ ጦርነት ነው። አንዱ ጦርነት ኒውካስል ውስጥ "መድፉ ይቅለል" አሰኘ፤ ጋፋት ውስጥ ደግሞ "መድፉ ይተልቅ" አሰኘ። ቴዎድሮስ ያን ሰባት ቶን ያህል ብረት ከደብረ ታቦር ተራራ እየቆረጡ፣ መንገድ እየሠሩ፣ በሰው ጉልበት መቅደላ አወጡት። የኒውካስሉ በዝሆን ወጣ።

እማዬ እጇን ከመድፉ ላይ አነሳች። "ይሄ ቤት ታዲያ በዚያ ገንዘብ ነው የተሠራው?"

በክሬኑም፣ በመርከቡም፣ በድልድዩም፣ በመድፉም አልኳት። እውነቱ እሱ ነው። ሰውየው ቸርም ነበር፤ ኒውካስል ውስጥ መናፈሻ ሰጥቷል፣ ሆስፒታል ረድቷል። እናቴ ግን ሒሳብ መዝገብ አልጠየቀችኝም። ዝም አለች።

ዝምታው ከበደኝና ሌላ ነገር አመጣሁ። ከአርምስትሮንግ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ግንቡን ያስተዳድር የነበረ ዶክተር ጆን ሻርፕ የሚባል ቄስ ነበር። ግንቡን የበጎ አድራጎት ቤት አደረገው፤ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነፃ ሕክምና፣ በርካሽ የሚሸጥ እህል። ማዕበል ባለባቸው ሌሊቶች ፈረሰኞች ዳርቻውን እየጠበቁ የተሰበረ መርከብ ይፈልጉ ነበር። ጉም ሲወርድ ደግሞ መርከቦች ዓለቱን እንዳይመቱ ከግንቡ መድፍ ይተኮስ ነበር።

"እንዲህ ያለውን መድፍ ነው ስም የሚያወጡለት" አለች።

ቀን 4፣ ሰኞ

ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደ ቅድስት ደሴት፣ ወደ ሊንዲስፋርን የሚወስደው መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር ይውጠዋል። ሰዓቱን አይቶ መሄድ ግድ ነው፤ ባለማየት መኪናቸውን የሚያሰምጡ በየዓመቱ አሉ። ማታ ሰዓቱን አይቼ ለእማዬ እንዲገባት "እስከ 11" ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ በሐበሻ። ጠዋት ተነስቼ ያንኑ ወረቀት በፈረንጅ አነበብኩት። ቁርስ ሳንበላ እየበረርን ሄድን። ስንደርስ መንገዱ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለችው ነጭ የመጠለያ ጎጆ በቀር የሚታይ የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን።

ሳንከፋ ጠበቅን እንጂ። አስፋልቱ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ መሐሉ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ የባሕር ሣር እንደ እርጥብ ፀጉር ተለጥፎበት ቀስ ብሎ ይገለጣል። እማዬ "ሙሴ ቸኩሎ ነበር" አለች።

ኤይደን ገዳሙን የመሠረተው እዚህ ነው። በ793 ቫይኪንጎች ወርረውታል። አሁን ያለው ቀይ ፍራሽ ከኖርማኖች በኋላ የተሠራው ነው፤ ጣሪያው ሁሉ ወድቆ አንዲት ቀጭን ቅስት ሰማይ ላይ ተሻግራ ቀርታለች። በ700 አካባቢ ኤድፍሪዝ የሚባለው ጳጳስ ታዋቂውን የሊንዲስፋርን ወንጌል ብራና ላይ የጻፈው በዚህች ደሴት ነው። "የታለ? እንሳለመው" አለች እማዬ። ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ አልኳት። ሰሜኖቹ ወደ አገሩ ይመለስ እያሉ ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል።

"እነሱም?" አለች። ሳቋ መጣ። ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል ብራናዎቻችንም እዚያው ቤት ውስጥ እንደሆኑ ስነግራት ሳቁን ተወችው።

ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ተነስተን ወደ ደቡብ ነዳን። ኒውካስልን አለፍን፣ መልአኩን አለፍን። እማዬ የተኛች መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደነዳሁ "ሊድስ" የሚል ሰሌዳ መጣ።

"ሊድስ" አልኩ ለራሴ ያህል። "ልዑል ዓለማየሁ የሞተው እዚህ ከተማ ነው።"

ዓይኗን ገለጠች። "ከመቅደላ ያመጡት ልጅ?"

"አዎ። ሰባት ዓመቱ ነበር ሲያመጡት። በ1879 ሞተ፣ በ18 ዓመቱ። የተቀበረው ዊንዘር ነው፣ የሞተው ግን እዚህ።"

ጋቢዋን ከትከሻዋ አነሳችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ግባ" አለችኝ።

ፍሬቻ አበራሁ።